ለአንድ ክፍል የሚበቃ ድምፅ

ባንዱ ሲበተን ሁሉም የየራሱን ይዞ ወጣ። ሳክስፎን ነፊው ሳክስፎኑን ከነሳጥኑ በትከሻው አነገተ። ድራመሩ ከበሮዎቹን በታክሲ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አጋዘ። ዘፋኟ የመድረክ ቀሚሶቿንና ማይክሮፎኗን በአንድ ሻንጣ ከታ፣ የሚጫወቱበትን ሆቴል ዘበኛ ሳይቀር አቅፋ ተሰናበተች። ሪትም ጊታር የሚመታው ሰውዬ ደግሞ ጊታሩን ያዘ። ድምፁ ግን እዚያው ቀረ። ድምፁ ያለው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነበር፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ የሆቴሉ ንብረት ነው። ሁለት አስተናጋጆች እየገፉ ወደ ዕቃ ቤት ሲያስገቡትና እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች መሀል ሲያቆሙት በር ላይ ቆሞ አየ። ሆቴሉ በእነሱ ፋንታ የቀጠረው አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ከበሮውም፣ ሳክስፎኑም፣ ጊታሩም ኪቦርዱ ውስጥ አለለት።

ይህን ሰውዬ ባንዱ ውስጥ ሁሉም «ባላ» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጣለት ሳክስፎን ነፊው ነው። አንድ ቀን ጊታር መቺው በጉንፋን ምክንያት ከልምምድ ቀርቶ ዘፈኖቹ ሁሉ እየተንገዳገዱ ሲያስቸግሯቸው፣ ሳክስፎን ነፊው «ባላው የተነቀለበት ቤት ሆንን እኮ» አለ፤ ተሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ባላ የሚቆመው ከድራመሩ አጠገብ፣ ከመብራቱ ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር። ዜማ አይመታም። የሚመታው ከዜማው ሥር ያለውን ነው፤ ያን «ቸክ፣ ቸክ» የሚለውን፣ ሰው ሳይታወቀው እግሩን የሚያነቃንቅበትን። ለጭፈራ የተነሳ ሁሉ ዘፋኟን እያየ ይጨፍራል እንጂ እግሩን የሚነዳለት ማን እንደሆነ ዞር ብሎ አያይም። ባላም በዚህ አንድም ቀን ከፍቶት አያውቅም።

ቀን ቀን መስታወት ቆራጭ ነው፤ ያኔም ነበር፣ አሁንም ነው። ብርድ ልብስ በለበሰ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ መስታወቱን ያስተኛል፣ ማስመሪያ ያስደግፋል፣ በመቁረጫው አንድ ጊዜ ብቻ ሽርር አድርጎ ያሰምራል። ከዚያ በሁለት እጁ ጫን ሲለው መስታወቱ ቀጭ ብሎ ይለያል። ሥራው ወሬ አይወድም። ባንዱ እያለ ቀኑን ዝም ብሎ ይውልና ማታ ይካካስለት ነበር። ከተበተነ በኋላ ግን ቀኑም ዝም፣ ማታውም ዝም ሆነ። ሚስቱ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ማታ ማታ ቤቱ የማይገኝ ባል ምን ያደርግልኛል ብላ፣ ሳይጣሉ ሳይካሰሱ ተለይታዋለች። አሁን ማታ ማታ ቤቱ የሚገኝ ሰው ሆነ፤ የሚጠብቀው ግን የለም።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መንገዱን የሚያሳይ መስኮት። ከሥራ ሲመለስ ያለውን በልቶ፣ ሳህኑን አጥቦ፣ ጊታሩን ከአልጋ ሥር ያወጣል። ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ አምፕሊፋየር ትንኝ ነው፤ ሲር ሲር ይላል እንጂ አይናገርም። ስለዚህ ባላ አገጩን የጊታሩ ትከሻ ላይ አስደግፎ ነበር የሚመታው። ድምፁ በእንጨቱ በኩል ወደ መንጋጋው፣ ከመንጋጋው ወደ ጆሮው ይገባለታል። በመስኮት ለሚያየው ሰው ጊታር ተደግፎ የሚያለቅስ ነው የሚመስለው። አያለቅስም ነበር። እየሰማ ነው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን እጁ ቆመበት። እየመታ የነበረው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚጫወቱትን ዘፈን ነው፤ እንግዳው እንዲሄድ ስለሚያስታውቁበት ባንዱ ውስጥ «መዝጊያዋ» ይሏታል። ወደ መሀሏ ሲደርስ ጣቶቹ ወዴት እንደሚሄዱ ጠፋቸው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እዚያችው ቦታ ላይ ደግሞ ቆመ። ተነስቶ ውኃ ጠጣ። ስንት ዓመት ሙሉ ሳያስብ የመታውን ነገር ነው። ተመልሶ ሲቀመጥ መጣችለት፤ ድንጋጤው ግን አልለቀቀውም። የማይሰማ ነገር እንደሚረሳ ያን ጊዜ ገባውና፣ ትንሽም ብትሆን፣ ከአቅሙ ጋር የምትሄድ አምፕሊፋየር ለመግዛት ቆረጠ።

መጀመሪያ የነገራት ለታላቅ እህቱ ነው። እታለም ነው የሚላት። እታለም ሻይ እየቀዳች ሰማችውና ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«በዚህ ዕድሜህ ጩኸት ልትገዛ ነው?» አለችው።

ቀስ ብሎ ለማስረዳት ሞከረ፤ እሷ ግን ሰው ገንዘብ ሲተርፈው ማቀዝቀዣ እንደሚቀይር፣ የእሱ ማቀዝቀዣ ደግሞ ሳንባው እንደታመመ ሽማግሌ ሲያስል እንደሚያድር፣ ጊታሩንም ቢሸጠው ለሁሉም እንደሚበጅ ዘርዝራ ነገረችው። ባላ ሻዩን ጨርሶ፣ ጉንጯን ስሞ፣ ከዚያው በቀጥታ ወደ ሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው ሄደ።

ሻጯ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የያዘች ወጣት ናት። የፈለገውን ሲነግራት መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ቤቱ ነው። ግድግዳው ከምንድነው፣ ጎረቤት አለ ወይ፣ የሚጫወተው በስንት ሰዓት ነው። ሁሉንም መለሰላት።

«እንግዲያው ትልቅ ነገር አይግዙ፣ ጋሼ» አለችው። «ለአዳራሽ የተሠራ አምፕሊፋየር ቤት ውስጥ ዝቅ ሲያደርጉት ይታፈናል፤ ከፍ ሲያደርጉት ከጎረቤት ያጣላዎታል። ለቤት የሚሆነው ዝቅ ብሎም የሚናገር ነው።»

መደርደሪያው ላይ ከዳቦ ቅርጫት የማይበልጡ አምፕሊፋየሮች ተደርድረዋል። አንዱ በባትሪ ይሠራል። አንዱ መቶ ዓይነት ድምፅ አለው፤ ዋሻ ውስጥ ያለህ ያስመስልሃል፣ ውኃ ውስጥ ያለህም ያስመስልሃል። አንዱ ሦስት ቁልፍ ብቻ ያለው፣ አቧራ የጠጣ ነው። ሻጯ ገመድ ሰክታ ጊታር ሰጠችውና የፈለገውን እንዲጫወት ነገረችው። ባላ መዝጊያዋን ጀመረ። እጁ ሞቅ ሲል አይኑን ጨፈነ። ከሁለት ዓመት በኋላ የራሱን ድምፅ በጆሮው ሰማ፤ ደስ አለው። አይኑን ሲገልጥ ሻጯ ራሷን እየነቀነቀች፣ ፈገግ ብላ፣ የሆነ ነገር እየጠበቀች ነበር። ማን የሚዘፍነው እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። ዘፈኑን ታውቀዋለች፤ እናቷ ቤት ስትጠርግ የማትለየው ዘፈን ነው።

«እስቲ እሱን ይጫወቱልኝ» አለችው።

«እሱን እኮ ነው የምጫወተው» አለ ባላ።

ሻጯ ደነገጠችና ይቅርታ ጠየቀች። ባላ ምንም እንዳልሆነ ነገራት፤ ግን ጊታሩን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ወደ ቦታው መለሰው። ልታስደስተው ብላ ሌላ አምፕሊፋየር አወረደችለት። የመታኸውን ቀድቶ መልሶ የሚያጫውት ነው። ሪትሙን መሣሪያው ይይዝልዎታል፣ ዜማውን እርስዎ ይጫወታሉ አለችው። ባላ መሣሪያውን አገላብጦ አየው። ከሆቴሉ ያስወጣው የዚህ ታላቅ ወንድም እንደሆነ አሰበ እንጂ አልነገራትም። አስቤበት እመለሳለሁ ብሎ ወጣ።

ያን ሳምንት ድራመሩ ትዝ አለው። ድራመሩ ቤት አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር እንዳለ ያውቃል፤ ሆቴሉ አዲስ ሲገዛ በነፃ የሰጠው ነው። ባላ በእረፍት ቀኑ አውቶቡስ ተሳፍሮ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደ። ድራመሩ ወፍሯል፣ ፊቱ ፀሐይ ጠግቧል። ከቤቱ ጀርባ በሽቦ አጥር ከብቦ ዶሮ ያረባል። ተቃቀፉ። ድራመሩ ጫጩቶቹን አሳየው፣ የመኖውን ዋጋ አማረረለት፣ የእንቁላል ነጋዴዎችን ተንኮል አወራለት። ከበሮዎቹስ ብሎ ሲጠይቀው ከሸጣቸው ቆይቷል፤ ይህ አጥር የተሠራው በእነሱ ነው።

አምፕሊፋየሩ ዶሮ ቤቱ አጠገብ፣ የመኖ ከረጢት ተጭኖበት ተገኘ። አራገፉት፣ ገመድ ዘረጉ፣ ባላ ጊታሩን ሰካ። አንዴ ጓጎረና ተነሳ። ባላ አንድ ጊዜ ብቻ ቸክ ሲያደርገው ዶሮዎቹ በአንድነት ተነስተው አጥሩን ሊያፈርሱት ደረሱ። ሁለቱም ሳቁ። ባላ ድምፁን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገው፤ ሻጯ እንዳለችው ታፈነ። ቢሆንም መምታቱን ቀጠለ። ለድራመሩ በአይኑ የመኖውን ባልዲ አሳየው። ድራመሩ ገባው፤ ባልዲውን ገልብጦ በመዳፉ ገባ። ገና ከመጀመሪያው ምት ባላ ጀርባው ላይ የሆነ ነገር ሲላቀቅለት ተሰማው። እንዲህ ሆነው መዝጊያዋን እስከ ግማሽ ሄዱ። ከዚያ ድራመሩ እጁን አነሳ። የውኃ ሰዓት ደርሷል፣ ዶሮዎቹ ይጠማሉ አለ።

ባልዲውን ሞልቶ ሲመለስ ባላ የባንዱ ዘመን ምን ያህል ደግ ጊዜ እንደነበር አነሳበት። ድራመሩ ውኃውን ለዶሮዎቹ አፈሰሰ።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለ። «እኔን አንድም ቀን አልናፈቀኝም። እንቅልፌን አገኘሁ፣ ወገቤ ተሻለው። ክፉ ሥራ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን አለቀ፣ አለቀ።»

በክፋት የተናገረው አይደለም፤ ባላም አልተቀየመውም። አምፕሊፋየሩን ውሰደው ሲለው በቤቴ ደረጃ እስከ ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም ብሎ ተወው። ሲሰናበቱ ድራመሩ እንቁላል በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። አውቶቡስ ውስጥ እንቁላሉን ጉልበቱ ላይ አቅፎ፣ ጊታሩን በእግሮቹ መሀል አቁሞ፣ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየ ተመለሰ። ያ ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ሁለቱም አንድ ነገር እየሰሙ ይመስለው ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ ወደ ሱቁ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ጊታሩን ለሻጯ ሰጣትና ሪትሙ እንዴት እንደሚመታ አሳያት። ጀርባውን ሰጥቶ እንደሚቆምና እሷ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳትነግረው በአምፕሊፋየሮቹ በየተራ እንድትመታለት ለመናት፤ ድምፁም ሰው በሹክሹክታ ከሚያወራው እንዳይበልጥ። ሻጯን ነገሩ አስደሰታት። ባላ ወደ በሩ ዞሮ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። የመጀመሪያው ከባልዲ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ሁለተኛው ያምራል፤ ግን ስኳር በዝቶበታል፣ ጣት ክር ሲነካ የሚሰማውን ነገር አጥቦ ወስዶታል። ሦስተኛው ደረቅ ነው። ምንም አልጨመረበትም፤ ክሩ ይሰማል፣ እንጨቱ ይሰማል፣ ልጅቷ ትንሽ መሳቷም ይሰማል።

«እሱ» አለ ባላ።

ሲዞር አቧራ የጠጣው ሆኖ አገኘው። የድምፅ፣ የወፍራምና የቀጭን ቁልፍ፣ ከጎኑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ፤ ሌላ ምንም። ሻጯ ከሁሉም ርካሹ መሆኑንና ሰዎች ብዙ ነገር ስለማይሠራ እያዩት እንደሚያልፉት ነገረችው። በጨርቅ ወልውላ፣ ገመድ መርቃ ሰጠችው። እንደ ሕፃን በብብቱ ይዞት ሄደ።

ቤት ሲደርስ ትርፉ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ያ ወንበር እንግዳ ካየ ቆይቷል። ሰካ፣ ቁልፉን ትንሽ ነካ አደረገው፣ መታ። ድምፁ ክፍሏን ሞላት፤ ከክፍሏም አልወጣም። ብቻ ወፍራሙን ክር በነካ ቁጥር የሆነ ነገር ይነዝራል። ተነስቶ በመዳፉ ጠረጴዛውን፣ ሳህኖቹን፣ በመጨረሻም መስኮቱን ዳሰሰ። አንዱ መስታወት ለቋል። የሰው መስታወት ሲያጠብቅ የሚውል ባለሙያ የገዛ መስኮቱን አላየም ነበርና በራሱ ሳቀ። በማግስቱ ከሥራ ቦታው ስቱኮ አምጥቶ ዙሪያውን መታው፤ ሲደርቅ ንዝረቱ ጠፋ።

ንዝረቱ ከጠፋ በኋላ ግን ሌላ ነገር መሰማት ጀመረ። መዝጊያዋ መሀሏ ላይ ባላ ዝም የሚልበት ቦታ አላት፤ እሱ ዝም ሲል ሳክስፎኑ ይገባል። እዚያ ሲደርስ እጁ በልማድ ይቆማል። ሳክስፎኑ የለም። ትንሿ አምፕሊፋየር ብቻ ዝዝዝ ትላለች። ከዚያ ሰዓቱ ሲደርስ እጁ ተነስቶ ይቀጥላል። ዘፋኟ የምትገባበትም እንዲሁ ነው፤ ትንፋሿን ስትስብ ይሰማው ስለነበር ሁልጊዜ በእሷ ትንፋሽ ነበር የሚነሳው። አሁን ወደ ግድግዳው እያየ ይጠብቃል። መሣሪያው ጉድለት የለበትም። እንዲያውም በደንብ ስለሚናገር የጎደለውንም በደንብ ይናገራል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በእረፍት ቀኑ፣ ለዘፋኟ ደወለ። ሌላ ከተማ አግብታ መጋረጃ ጨርቅ እንደምትሸጥ ሰምቷል፤ ቁጥሯም ነበረው፤ ነገር ግን ምን ብሎ እንደሚጀምር ስላላወቀ ደውሎላት አያውቅም። ስልኩን አነሳች። ድምፁን ስትሰማ «ባላዬ፤ አለህ እንዴ?» አለችው። አለሁ አላት። ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ ተጠያየቁ። ወሬው ሲያልቅ ትንሽ አምፕሊፋየር መግዛቱን ነገራት። እስቲ አሰማኝ አለችው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ጀመረ። ገና ሁለት ጊዜ እንደመታ ከስልኩ ውስጥ «መዝጊያዋ» የሚል ድምፅ ሰማ። እጁ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ያን «ቸክ፣ ቸክ» ሰምቶ የዘፈኑን ስም የጠራ እስከዛሬ አልነበረም።

«ፈጥነሃል» አለች ቀጥላ። «እንዲህ አትፈጥንም ነበር።»

ማንም ያልነገረው ነገር ነው። ብቻውን ሲመታ የሚይዘው ሰው አጥቶ ሲሮጥ ከርሟል። ዘፋኟ ጨርቅ የምትለካበትን የእንጨት ሜትር አንስታ የሱቁን ጠረጴዛ መምታት ጀመረች፤ በዚህ ሂድ አለችው። ባላ ሜትሯን ተከተለ። ግን አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። የእሷ ምት በስልኩ እስኪደርስ ይዘገያል፤ እሱ ጠብቆ ሲመታ እሷ ጋ ደግሞ ይበልጥ ዘግይቶ ይደርሳል፤ እሷም እሱን ለመጠበቅ ቀስ ትላለች። ሁለቱ ሲጠባበቁ ዘፈኑ እየተጎተተ፣ እየተጎተተ ሄዶ በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስቀው ስቀው ሊሞቱ ነበር። ባላ እንዲህ የሳቀው መቼ እንደሆነ አላስታወሰም።

ሳቋ ሲያበቃ በር ሲዘጋ ተሰማው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እዚህ ዘፋኝ እንደነበረች የሚያውቅ እንደሌለ ነገረችው። ባሏ ያውቃል፤ ዘመዶቹ ግን አያውቁም፤ መጋረጃ ሻጭ ነች፣ በቃ። ምሳ ሰዓት ስለሆነ ሱቁን ዘግታዋለች።

«አሁን እኔን አትጠብቀኝ» አለችው። «የምትሰማውንም አትስማ። ዝም ብለህ ምታ፤ እኔ ካንተ ጋር እሄዳለሁ።»

ባላ በዚያ ሁሉ ዓመት ሳይጠብቃት መትቶ አያውቅም። ቢሆንም ጀመረ። ዘፋኟ ገባች። ድምፅዋ ትንሽ ሻክሯል፤ ግን እሷ ናት። እሷ የምትዘፍነው በሚደርሳት ምት ላይ ነው፤ ባላ ጋ ግን ድምፅዋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ቃሉ ሁሉ ከቦታው ወጥቶ፣ እሱ አልፎት ከሄደ በኋላ ይመጣል። እጁ ልቆይላት፣ ልጠብቃት ይለዋል። አልጠበቃትም። አይኑን ጣቶቹ ላይ ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ የተሰባበረውን ዘፈን እየሰማ ምቱን ይዞ ሄደ። ሳክስፎኑ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ከዚያ እጁ በሰዓቱ ተነሳ። እስከ መጨረሻው ደረሱ።



«ልክ ነበር» አለች ዘፋኟ። ድምፅዋ ከመዝፈን ይሁን ከሌላ ነገር ተሰብሯል። «ባላዬ፣ ልክ እንደ ድሮው እኮ ነበር።»

እሱ ጋ እንዴት እንደተሰማ አልነገራትም። አዎ አላት። ወዲያው የሱቋ በር ተንኳኳ፤ ደንበኛ ነው መሰል፣ ደህና ሁን ብላው ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ትደውላለች። አንዳንዴ በሳምንቱ፣ አንዳንዴ ወር አልፎ። እሱ ቀድሞ አይደውልም፤ ማን አጠገቧ እንዳለ አያውቅምና። እሷ በማትደውልበት ጊዜ ምት የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ ከፊቱ አስቀምጦ እንዳይሮጥ ይለማመዳል። ስትደውል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያደርግና ይመታላታል፤ አንዳንድ ቀን ትዘፍናለች፣ አንዳንድ ቀን ጨርቅ እያጣጠፈች ትሰማለች።

እታለም ቤት ሲሄድ ነገራት። እታለም ዘፋኟን ድሮ መድረክ ላይ አይታታለች፤ ትወዳት ነበር። በስልክ አብረው መጫወታቸውን ስትሰማ አይኗ በራ፣ ወንበሯንም ጠጋ አደረገች።

«እንዴት ነበር ታዲያ?» አለችው።



«እሷ ጋ ጥሩ ነበር» አላት።

እታለም ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። ሻይ ጨመረችለት፣ እሱም ስኳሩን እያማሰለ የልጆቿን ደህንነት ጠየቃት።